«አሸክሙኝ»

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። የገበያ ቀን ሲደርስ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ጤፉና ድንቹ ከየቀበሌው ይጎርፋል፤ ከፊሉ በጋሪ፣ ከፊሉ በአህያ፣ ከፊሉም በሰው ጀርባ። አመሻሽ ላይ ገበያው ሲበተን ደግሞ ጨውና ዘይቱ፣ ሳሙናውና የልጆች ልብሱ ታስሮ ወደ ገጠር ይመለሳል። ያን ጊዜ ከገበያው ዳር ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ቃል አለ፤ «አሸክሙኝ»።

ሸክሟን አስራ የጨረሰች ሴት መሬት ላይ ቁጢጥ ትላለች። ገመዱን በትከሻዋና በደረቷ ታዞራለች። ብቻዋን ግን ልትነሳ አትችልም። የሚያልፈውን ሰው ቀና ብላ «እስቲ ወንድሜ፣ አሸክመኝ» ትለዋለች። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነች አይጠይቅም፤ መስጊድ ትሂድ ቤተ ክርስቲያን አይጠይቅም። ከኋላዋ ሆኖ ሸክሙን ከፍ ያደርግላታል፣ ትነሳለች፣ ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሸክሙን አልወሰደላትም፤ የምትሄድበትን ዳገትም አላሳጠረላትም። ያገዛት ከመሬት የምትነሳበትን ያን ከባድ ቅጽበት ብቻ ነው።

ይኸው ግስ ግን ሁለት ፊት አለው። «ዕዳውን አሸከመኝ»፣ «ሥራውን ሁሉ እኔን አሸክሞኝ ሄደ» ስንልም የምንጠቀመው «አሸከመ»ን ነው። ሰው እንዲነሳ መደገፍና የራስን ሸክም ሌላው ላይ ጥሎ መሄድ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከተናጋሪው ፊት ነው።

ረመዳን በገባ ቁጥር ይህ ቃል ትዝ የሚለኝ ስለ ጓዳ ሳስብ ነው። በየቤታችን በፆም ወር አንዲት ሴት አለች። እናት ልትሆን ትችላለች፣ ሚስት፣ ታላቅ እህት፣ ወይም ለሥራ የተቀጠረች ልጅ። ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ እሳት ዳር ናት። ለሱሑር ከሁሉም ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት፤ ከሁሉም ዘግይታ የምትተኛውም እሷ። እሷን የምናሸክማት በየትኛው ትርጉም ነው?

አማርኛ ስለ ሸክም ቃል አያጥረውም። ሸክም አለ፣ ጭነት አለ፣ ጫና አለ፣ ቀንበር አለ። አንድ ነገር ሲብስ «ከበደኝ» እንላለን፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ «ተደራረበብኝ»፤ ትዕግሥት ሲያልቅ «ታከተኝ»፣ «አንገፈገፈኝ»። የሰውነት ክፍልም ይጠራል፤ ትከሻዬ፣ ጫንቃዬ፣ ወገቤ። ወጣቶቻችን ይህን ሁሉ ትተው «ስትረስ» ማለት ጀምረዋል። አልፈርድባቸውም፤ ግን አንዱን የባዕድ ቃል ሲይዙ ስንቱን እንደጣሉ ቢያውቁት እወዳለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ የምትገርመኝ አንዲት ፊደል ናት። «እንግዳ መጣልኝ» እንላለን፤ «እንግዳ መጣብኝ»ም እንላለን። እንግዳው ያው ነው፣ በሩም ያው። የዘራ ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል፤ አጭዶ ያልከመረ ጎረቤቱ በዚያው ዝናብ «ዘነበብኝ» ይላል። «ል» ስትሆን ስጦታ ነው፣ «ብ» ስትሆን ጭነት። የመጣው ነገር ብዛት ብቻውን አይለየውም፤ የተቀበለው ሰው በዚያች ሰዓት ያለበት ሁኔታ ነው የሚለየው።

እንግዲህ ለማፍጠሪያ ስምንት ሰው ተጠርቶ ሲመጣ የቤቱ አባወራ «ሰው መጣልኝ» ይላል፤ ከልቡም ነው። ፆመኛ ማስፈጠር ምንዳው ትልቅ እንደሆነ ያውቃል። በተለይ ጎጃም ውስጥ ነገሩ ሌላም ትርጉም አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም ነበር። ማኅበረሰቡ ትንሽ በሆነበት ከተማ አንድ የሙስሊም ቤት ለመንገደኛው ነጋዴም፣ ለሹፌሩም፣ ከቤተሰቡ ርቆ ለተመደበው ሠራተኛም ማፍጠሪያ ይሆናል። ደግ ነገር ነው። ጓዳ ውስጥ ያለችው ሴት ግን የምትናገረው በየትኛዋ ፊደል እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። በሰው ፊት ከተጠየቀች «ምን አለበት፣ ሰው መጣልኝ እኮ ነው» ማለቷ አይቀርም። «በዛብኝ» ብትል ስስታም የምትባል ይመስላታል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንድ ሌላ ቃል ይመጣል፤ «ቻለ»። «ይህን ሥራ ትችላለች» ስንል ብቃቷን እያወራን ነው። «ችላው ነው የኖረችው» ስንል ደግሞ መከራዋን። መቻልና መታገሥ አንድ ቃል ሆነዋል። ከዚያም «ቻይ ናት» የምንላት ሴት አለች። ይህ በአገራችን ለሴት ከሚሰጡ ምስጋናዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ችግሩ ምስጋናው ራሱ ሌላ ሸክም ማምጣቱ ነው። አንዴ «ቻይ» ከተባለች ማን ያግዛታል? ትችላለቻ!

በቤታችን እናቴ ቻይ ነበረች። በልጅነታችን ረመዳን ሲመጣ ሁላችንም የምናስታውሰው የሾርባውን ሽታ፣ ቴምሩን፣ ከሚጤሰው ዘይት የሚወጣውን ሳምቡሳ ነው። እሷ ስታፈጥር አይቻት እንደሆነ ለማስታወስ ብሞክር ግን አልሆነልኝም። ውሃ ተጎንጭታ፣ አንድ ቴምር አፏ ውስጥ እንደያዘች ወደ ጓዳ ስትመለስ ጀርባዋ ይታየኛል። «ነይ እንጂ፣ ተቀመጪ» ሲሏት የምትመልሰው አንድ ዓይነት ነበር፤ «እናንተ ብሉ፣ እኔ እዚሁ እቀማምሳለሁ»። እኛም እንበላ ነበር።

የቁርኣን የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው። ተርጓሚዎቹ ወደ ሱረቱል በቀራህ የመጨረሻ አንቀጽ ሲደርሱ፣ አላህ ነፍስን ከምን በላይ እንደማያስገድዳት ለመግለጽ የመረጡት ቃል «ችሎታ» ነው። ያው የ«ቻለ» ልጅ። የአረብኛው ቃል «ዉስዕ» ነው፤ ሥሩ ስፋትን ይናገራል። አንድ ዕቃ የሚይዘው እስከ ስፋቱ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይፈስሳል። በዚህ በኩል ስናየው የነፍስ አቅም ስንት ጊዜ ጥርሷን ነክሳ እንደምትችል የሚለካ አይደለም። ሳትጨናነቅ፣ በስፋቷ የምትይዘው ነው። በእኛ «መቻል»ና በአንቀጹ «ችሎታ» መሐል ያለው ርቀት ይህ ነው።

ከዚያው አንቀጽ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። መጀመሪያ ድንጋጌውን ያስቀምጣል፤ ወዲያው ወደ ዱዓ ይሸጋገራል። ዱዓው ደግሞ ሸክምን የሚመለከት ነው፤ ከኛ በፊት በነበሩት ላይ እንደተጫነው ያለ እንዳይጫንብን፣ የማንችለውንም እንዳንሸከም የሚለምን። ማለትም ሰው ወደ ጌታው ሲጸልይ «ይህ ይከብደኛል» እንዲል ተምሯል። ሁለቱን የበቀራህ መጨረሻ አንቀጾች በሌሊት ላነበበ ሰው እንደሚበቁት በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ ስላለ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከመኝታ በፊት ይቀሩታል። በየሌሊቱ ይህን ዱዓ የምታደርግ ሴት ቀን ላይ «በዛብኝ» ማለት የኢማን ጉድለት የሚመስላት ለምን እንደሆነ ብንጠያየቅ አይከፋም።

የፆሙ ድንጋጌ ራሱ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ረመዳንን ያዘዘው የቁርኣን ክፍል እዚያው ላይ የታመመና መንገደኛ በሌሎች ቀናት እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ አላህ የሚሻው ማግራትን እንጂ ማክበድን እንዳልሆነም ይናገራል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ከፈሩ ማፍጠር ይችላሉ፤ ቀዷእ ብቻ ነው ወይስ ፊድያም ይጨመርበታል የሚለው እንደየመዝሀቡ ስለሚለያይ የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ነው። ፆም የማይችል አዛውንት በየቀኑ አንድ ድሃ ያበላል። እነዚህን ፈቃዶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አውቀን ግን «እኔ ምን ሆኜ» የምትል ነፍሰ ጡር በየሰፈሩ አለች፤ አማቷም ጎረቤቷም «ቻይ ናት» ይሏታል።

«ነፍሰ ጡር» የሚለው ቃልም ከሸክም የወጣ ነው። በግዕዝ «ጾረ» ማለት ተሸከመ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ነፍስ የተሸከመች ናት። ከዚሁ ሥር አማርኛ «ጦረ»ን አገኘ፤ «እናቱን ይጦራል»፣ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የምንለውን። ልጅ ወላጁን ሲጦር ቀድሞ የተሸከመችውን በተራው እየተሸከመ ነው። በአረብኛም እንዲሁ ነው። «ሐመለ» ተሸከመ ነው፤ ያረገዘች ሴት «ሐሚል» ትባላለች። ሱረቱ ሉቅማን ሰው ለወላጆቹ በጎ እንዲያደርግ ሲያዝ ምክንያቱን የሚጀምረው እናቱ በድካም ላይ ድካም እየተደራረበባት እንደተሸከመችው በማስታወስ ነው። ግዕዝና አረብኛ በዚህ ጉዳይ ተማክረው የሠሩ ይመስላሉ።

ከጓዳ ወጥተን ወደ ገበያው እንመለስ። በአማኑኤልም ሆነ በሌላው የመንገድ ዳር ከተማ ጫኝና አውራጅ የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። የእህል መኪና ሲቆም የሚሯሯጡት እነሱ ናቸው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ይህን በአንድ ትከሻ ይዞ ሳንቃ ላይ እየረገጠ ወደ መኪና የሚወጣ ሰው፣ ከሱሑር በኋላ ጉሮሮው ውሃ ያላየ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለሚመጡ ከጎኑ የሚሸከመው ክርስቲያን ባልደረባውም ጾመኛ ነው። እሱም እስከ ቀትር አልፎ ምንም ሳይቀምስ ሊውል ይችላል።

ባለንብረቱ ሙስሊም ከሆነ እዚህ ላይ የሚመለከተው ሐዲስ አለ። አቡ ዘር እንዳስተላለፉት፣ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉ ሠራተኞች ወንድሞቻችን እንደሆኑ ተናግረዋል። ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሠራቸው አዘዋል። የመጨረሻዋ ክፍል ናት ዋናዋ፤ ከባድ ሥራ ካዘዝናቸው ደግሞ እንድናግዛቸው። ሐዲሱ ከባድ ሥራ ከዓለም ይጠፋል አላለም። ኩንታሉ መነሳት አለበት። ያዘዘው ሰው ግን እጁን ኪሱ ከትቶ እንዲቆም አልተፈቀደለትም። አማኑኤል ገበያ ዳር ያቺ ሴት «አሸክመኝ» ያለችው ይህንኑ ነው። ለቤት ሠራተኛዋም ያው ነው። በረመዳን ሥራዋ በእጥፍ ከጨመረ ክፍያዋና እረፍቷ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የፆሙ አካል ነው ባይ ነኝ።

ጎጃም በጭነት የኖረ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከየጁቤ አቅራቢያ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨው ጋር ያገናኝ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እዚያ ተገኝቶ ያየውን ጽፏል። የረጅሙ መንገድ ነጋዴዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፤ በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መደበቅ አይገባም። አባቶቻችን በሄዱበት መንገድ በገዛ ፈቃዱ ያልተሸከመ ብዙ ሰው አልፏል።

ከዚያ የንግድ ዘመን የቀሩልን ቃላት ጥሩዎች ናቸው። ገመዱ «መጫኛ» ነው። በጭነቱና በከብቱ ጀርባ መሐል የሚገባው «መደላድል» ይባላል። ዛሬ በየስብሰባው «ምቹ መደላድል እንፍጠር» የሚለው ባለሥልጣን የአህያ ጀርባ ትዝ ይለው ይሆን? መደላድሉ ሲሳሳ ወይም ጭነቱ ሲበዛ ጀርባው ይላጣል፤ ያ ቁስል «ገጣባ» ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ስለሆነች ገጣባ የማያውቅ ገበያ የለንም። የአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ የአንሷር ሰው አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመሉ አይቷቸው አለቀሰ። ቀርበው አሻሹት፤ ጌታውንም አስጠርተው ግመሉ እያስራብክና እያደከምክ ታሠራኛለህ ብሎ ከስሶሃል አሉት። ለእንስሳው «በዛብኝ» የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ስሞታው ግን ተሰማለት።

ከመጠን በላይ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ከመጠን በላይ መሰጠት ሌላ። ይህኛውም በረመዳን ያጋጥመናል፣ በተለይ ከመግሪብ በኋላ። ገበያ ላይ ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ «መርቂልኝ» ብንላት ትንሽ ትጨምርልናለች፤ ያች ጭማሪ «ምርቃት» ናት፣ ያው የሽማግሌው ምርቃት። ሞልቶ የተረፈ ነገር በአማርኛ በረከት ነው። የጠገበ ሰው ግን ሁለት ነው። «ጠገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ» ይባላል፤ «ይኼ ጥጋበኛ» ተብሎም ይሰደባል። ቀኑን ሙሉ ረሃብን የተማረ ሰው ማታ ላይ ከዚህኛው ወደዚያኛው ለመሻገር የሚበቃው ሦስት ተጨማሪ ሳምቡሳ ነው። እኔ በበኩሌ ብዙ ጊዜ ተሻግሬያለሁ።

ጋባዡም ጉርሻ ያበዛል። «በሞቴ» ይላል፤ «እኔን ካልናቅከኝ» ይላል። እንግዳው በዛብኝ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ሌላው ቀርቶ ውለታ ራሱ ይከብዳል። ትናንት ስድስት ዓይነት ምግብ ቀርቦለት ያፈጠረ ጎረቤት በተራው ሲጠራ ከስድስት ማነስ ያሳፍረዋል። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ዘመን ብድር ይገባል፤ ብድሩን የምትሰማው ደግሞ የወር አስቤዛውን የምታብቃቃው ሴት ናት። ቴምርና ውሃ አቅርቦ ማስፈጠር ሱናውን እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ማን ይጀምረው? የተሻለ ኑሮ ያለው ቤት ቢጀምረው ይቀላል፤ የሌለው ቤት ቢጀምር «አጣ» ይባላልና።

የወሩ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ዘካተል ፊጥር መጠኑን ስናይ እንዴት ያለ ልክ እንደሆነ እንገረማለን። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው፤ ይኸውም መካከለኛ እጅ ያለው ሰው ሁለት መዳፉን ገጥሞ የሚያፍሰው አራት ጊዜ። ሚዛን የሌለው ገበሬም በእጁ ሊሰፍረው ይችላል። ሰጪውን አያጎብጥም፤ ተቀባዩንም የዒድ ቀን ከልመና ያሳርፈዋል።

ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነብዩ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቀዋቸው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ መልሰዋል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ይህን ሐዲስ በመስጊድ ስሰማው ደስ ይለኛል። ቤት ስደርስ ደግሞ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ አዛን እጠብቃለሁ።

ባለፈው ዓመት በረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዛሬ አርጅታለች፤ ጓዳው ግን አሁንም የእሷ ነው። መግሪብ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ትልቁን የሾርባ ድስት ከእሳቱ ለማውረድ ጎንበስ አለች። ጆሮውን በጨርቅ ያዘችው፤ አነሳችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ዘወር አለች። እኔና ወንድሜ ስልካችን ላይ ነበርን። ዕድሜዋን ሙሉ ሰምቼባት የማላውቀውን ቃል የዚያን ቀን ሰማሁት።

«ልጆቼ፣» አለች፣ «እስቲ ይኼን አውርዱልኝ።»

ሁለታችንም አንድ ላይ ተነሳን። ድስቱ ከባድ ነበር፤ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አዛን ሲል እሷም አጠገባችን ተቀምጣ ነበር፣ እጇ ላይ ቴምር ይዛ።